ጊሽጣ፦ ፍሬ ወይስ መድኃኒት?

ወዳጅ፦ አንድ የፍራፍሬ ዛፍ ብቻ ትከይ ብትባዪ የቱን ትመርጫለሽ? እኔ እሾሃማውን ጊሽጣ ነው፤ ዓይኔን አላሽም።

ተጠራጣሪ፦ የቱን ጊሽጣ? እኛ አገር እኮ ጊሽጣ የማይባል የለም። ቆዳው ቅርፊት የደረበው ጊሽጣ ነው፤ ልሙጡም ጊሽጣ ነው፤ ቆላ ወርደህ ዱር ውስጥ ራሱን ችሎ በቅሎ የምታገኘውም ጊሽጣ ነው።

ወዳጅ፦ ሁሉም አኖና የሚባል የአንድ ወገን ልጆች ስለሆኑ ሕዝቡ ብዙም አልተሳሳተም። የዱሩ አፍሪካዊ ነው። ቼሪሞያ የሚሉት ደግሞ ቀዝቀዝ ያለ ከፍታ ይወዳል፤ አንዲስ ተራሮች ላይ ከጥንት ጀምሮ ሲለማ የኖረ ነው። እኔ የምልሽ የዕፅዋት ሊቁ ሊኒየስ በ1753 አኖና ሙሪካታ ብሎ የመዘገበውን ነው። ፍሬው አረንጓዴ ሆኖ ልብ ይመስላል፤ ላዩን ለስላሳ እሾህ ሸፍኖታል፤ ትልቁ አራትና አምስት ኪሎ ይመዝናል። በስፓኒሽ ጉዋናባና፣ በብራዚል ግራቪዮላ፣ በፈረንሳይኛ ኮሮሶል ይባላል። አገሩ የደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ቆላና የካሪቢያን ደሴቶች ናቸው።

ተጠራጣሪ፦ እንግዲያው ገና ከመነሻው አንድ ችግር አለ። በየስልኩ የሚዞረው «ጊሽጣ ካንሰርን ድራሹን ያጠፋል» የሚለው መልእክት የሚያወራው ስለዚህኛው ነው። ሰው ግን ገበያ ወጥቶ የሚገዛው ያገኘውን ጊሽጣ ነው። የተጻፈለት ሌላ፣ ተቀቅሎ የሚጠጣው ሌላ።

ወዳጅ፦ ካንሰሩ ይቆይልኝ። አንቺ የመድኃኒት ቤት ሰው ስለሆንሽ ዛፍ በተነሳ ቁጥር የሚታይሽ ኪኒን ነው። እኔ የእርሻ ሰው ነኝ፤ መጀመሪያ አበባውን ልንገርሽ።

ተጠራጣሪ፦ በል እሺ።

ወዳጅ፦ ዛፉ ከአምስት እስከ አሥር ሜትር ይደርሳል፤ ዓመቱን ሙሉ ልምላሜው አይለየውም። ቅጠሉ ያብለጨልጫል፤ በጣትሽ ብትጨፈልቂው ኃይለኛ ሽታ ይለቅብሻል። አበባው የሚወጣው ከቅርንጫፍ ብቻ አይደለም፤ ከግንዱም ጭምር ነው። የአበባው ሦስት የውጭ ቅጠሎች ቢጫ ያዘለ አረንጓዴ ናቸው፤ ከወፍራምነታቸው የተነሳ ስትነኪያቸው ቆዳ የነካሽ ይመስልሻል። ጉዱ ያለው ከውስጥ ነው። አንዱ አበባ ሴትም ነው፣ ወንድም ነው፤ ግን በአንድ ጊዜ አይደለም። መጀመሪያ ሴቴው ክፍል ለመቀበል ይዘጋጃል፤ የእሱ ጊዜ ሲያልፍ ወንዴው የአበባ ዱቄቱን ይለቃል። ራሱን በራሱ እንዳያዳቅል ነው። ንብ እዚህ ብዙም ሥራ የላትም። ብራዚል ውስጥ ሥራውን የሚሠራው ማታ ማታ ሽታው ስቦት የሚመጣ ጥንዚዛ ነው። ከወፍራሞቹ ቅጠሎች መሃል ይገባል፤ ሲወጣ ዱቄቱን ተለቅልቆ ወደ ሌላ አበባ ይሄዳል።

ተጠራጣሪ፦ ጥንዚዛው ባይመጣስ?

ወዳጅ፦ ያኔ ነው ፍሬው የሚጣመመው። ይህ ፍሬ እኮ አንድ ፍሬ አይደለም። አንዱ አበባ ውስጥ ያሉት ብዙ ሴቴ ክፍሎች እያደጉ፣ እየተጣበቁ የሚሠሩት ነው። ላዩ ላይ የምታዪው እያንዳንዱ እሾህ የአንዷ ክፍል ጫፍ ቅሪት ነው። ዱቄት የደረሳት ዘር ይዛ ታድጋለች፤ ያልደረሳት ቀጭጫ ትቀራለች፤ ፍሬውም በዚያ በኩል ይሰረጉዳል። ወደ አንድ ጎን የተጣመመ ጊሽጣ ስታዪ ጥንዚዛው ያላዳረሰውን ጎን እያየሽ ነው። ብዙ ምርት የሚፈልጉ ገበሬዎችማ ጥንዚዛ አይጠብቁም፤ ብሩሽ ይዘው ከአበባ አበባ እየዞሩ ራሳቸው ያዳቅሉታል።

ተጠራጣሪ፦ ይሄን የማያደንቅ ሰው የለም። ስለ ጤና ጥቅሙ ከሚጻፈው ሁሉ ይሄ ይበልጣል።

ወዳጅ፦ አበላሉንም ስሚኝ እንጂ። ገበሬው እሾሁ መራራቅ፣ አረንጓዴውም መደብዘዝ ሲጀምር ገና ጠንከር እንዳለ ይለቅመዋል፤ ዛፉ ላይ እስኪለሰልስ ከተዉት ወድቆ ይፈርጣል። ከተለቀመ በአራት በአምስት ቀኑ አውራ ጣት ሲጫነው ይሰረጉዳል። ሲከፈት ውስጡ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነው፤ ክር ክር ይላል፤ ጭማቂው ይንጠባጠባል፤ ይጣፍጣል፣ ይኮመጥጣልም። ጥቋቁር ዘሮቹ በየክሩ መሃል ተሸጉጠዋል። ኮሎምቢያ ውስጥ ከወተት ጋር ይመቱታል፤ ኩባዎችም ይህን የወተት መጠጥ ቻምፖላ ይሉታል። ስፔናዊው ጎንሳሎ ፈርናንዴስ ዴ ኦቪዬዶ በ1526 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ሳይቀር አለ። ከአዲሱ ዓለም ወጥተው ወደ ሌሎች ሞቃት አገሮች ቀድመው ከተሻገሩት ፍሬዎች አንዱ ነው። ሰው የማይረባ ነገር ባሕር አያሻግርም።

ተጠራጣሪ፦ ትምባሆም ባሕር ተሻግሯል። ጣፋጭ ነው ካልከኝ አልከራከርህም። «ለጤና ጥሩ ነው» ስትል ግን ምን ማለትህ ነው?

ወዳጅ፦ መቶ ግራሙ 66 ካሎሪ ብቻ ነው። 20 ሚሊ ግራም ገደማ ቫይታሚን ሲ፣ ከ3 ግራም በላይ ፋይበር፣ ወደ 280 ሚሊ ግራም ፖታሲየም አለው።

ተጠራጣሪ፦ ጥሩ ፍሬ ነው። መንገድ ዳር የሚሸጠው ዘይቱን ግን፣ እሱም ከዚያው ከአሜሪካ ቆላ የመጣ ነው፣ በመቶ ግራም ከ200 ሚሊ ግራም በላይ ቫይታሚን ሲ አለው። አሥር እጥፍ ማለት ነው! ስለ ዘይቱን ግን ማንም በስልክ ተአምር አይልክም። ለምን ይመስልሃል?

ወዳጅ፦ ዘይቱን አሴቶጄኒን ስለሌለው ነዋ። አሁን ወደ ቁም ነገሩ ገባን። አሴቶጄኒን የሚባሉት ረጃጅም፣ ቅባት ነክ ውህዶች ከአኖና ቤተሰብ ውጪ አይገኙም። የመጀመሪያው፣ ዩቫሪሲን፣ የተገኘው በ1982 ነው። እሾሃማው ጊሽጣ ውስጥ ብቻ ከመቶ በላይ ዓይነት ተለይቷል። ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጄሪ ማክላፍሊን የሚባሉ ሳይንቲስት ከነባልደረቦቻቸው ለብዙ ዓመታት ሲያጠኗቸው ኖረዋል። በ1996 የታተመ አንድ ጥናታቸው ላይ አንደኛው ውህድ የትልቁ አንጀት ካንሰር ሕዋሶችን ሲገድል ኃይሉ አድሪያማይሲን ከተባለው የታወቀ መድኃኒት አሥር ሺህ እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። ይሄ ወሬ አይደለም፤ ታትሟል።

ተጠራጣሪ፦ አውቀዋለሁ። በስልክ የሚዞረው «ከኬሞ አሥር ሺህ እጥፍ» የሚለው ቁጥር አባቱ ያ ጥናት ነው። ግን ልጁ አባቱን አይመስልም። አንደኛ፣ ሕዋሶቹ የተገደሉት ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ብልቃጥ ላይ ነው፤ ታማሚ አልነበረም፣ አይጥ እንኳን አልነበረም። ሁለተኛ፣ ቁጥሩ የአንድ ውህድ በአንድ ዓይነት ሕዋስ ላይ ነው። ሦስተኛውን ደግሞ መልእክቱን ከሚያስተላልፉት አንዱም አያነሳውም። ውህዱ የተጣራው ከምን ነበር?

ወዳጅ፦ ከዘሩ።

ተጠራጣሪ፦ ከዘሩ! ሰው የሚቀቅለው ቅጠሉን፣ የሚበላው ሥጋውን ነው። ዘሩማ መርዝ መሆኑን ራስህም ታውቃለህ። ወቅጠው ለቅማል ማጥፊያ ያደርጉታል፤ የአኖና ዘር ዱቄት ዓይናቸው ውስጥ ገብቶ የተጎዱ ሰዎች ታሪክ ሐኪሞች ጽፈዋል። ብልቃጥ ላይ ሕዋስ መግደልማ በረኪናም ይገድላል። ጭንቁ ተውጦ፣ ጨጓራና ጉበት አልፎ፣ ዕጢው ጋ ደርሶ፣ ዕጢውን ገድሎ፣ ባለቤቱን ማትረፉ ላይ ነው።

ወዳጅ፦ እሺ፣ አሠራሩን እንየው። እነዚህ ውህዶች እንዲሁ ያገኙትን የሚያቃጥሉ አይደሉም። ሕዋስ ውስጥ ኃይል የሚመረተው ሚቶኮንድሪያ በሚባለው ክፍል ነው። እዚያ ኮምፕሌክስ አንድ የሚሉት ፕሮቲን አለ፤ የኃይል ማምረቱ ሥራ የሚጀምረው ከእሱ ነው። አሴቶጄኒን እሱን ይዘጋዋል። ካንሰር ደግሞ ኃይል የሚጠማው ነገር ነው፤ ምንጩ ሲዘጋበት ይሞታል። ዛፉ ይህን የሠራው ቅጠሉንና ዘሩን ከሚበሉት ነፍሳት ራሱን ለመከላከል ነው። እኛ ደግሞ ለራሳችን ጥቅም ብናውለው ምን ነውር አለው?

ተጠራጣሪ፦ ከካንሰር በቀር ኃይል የሚጠማው ሌላ የሰውነት ክፍል የለም?

ወዳጅ፦ ልብ። ጡንቻ።

ተጠራጣሪ፦ አንጎልስ? ክብደቱ ከሰውነታችን ሁለት በመቶ ገደማ ነው፤ የሚበላው ኃይል ግን ሃያ በመቶ አካባቢ ነው። ኮምፕሌክስ አንድ ሲዘጋ መጀመሪያ ከሚጎዱት ሕዋሶች መካከል እንቅስቃሴያችንን የሚያስተካክሉት፣ ዶፓሚን የሚያመነጩት ይገኙበታል። በ1982 ካሊፎርኒያ ውስጥ ጥቂት ወጣቶች በኅቡዕ የተሠራ ሐሰተኛ ሄሮይን ወግተው በቀናት ውስጥ እንደ ፓርኪንሰን ታማሚ ደርቀው ቀሩ። ዊሊያም ላንግስተን የተባሉ ሐኪም ሲመረምሩ ጥፋተኛው ዕፁ ውስጥ የተቀላቀለ ኤምፒቲፒ የሚባል ኬሚካል ሆኖ ተገኘ። ሰውነት ውስጥ ገብቶ ሲለወጥ የሚዘጋው ምንን መሰለህ? ያንኑ ኮምፕሌክስ አንድን ነው።

አዛውንት፦ ጣልቃ ልግባ ልጆች። የምትነግሩኝ ስለ ብርብራ ነው እንዴ? ልጅ ሳለን የብርብራ ፍሬ ወቅጠን ወንዝ ውስጥ እንበትን ነበር። ዓሣው ይሰክርና ሆዱን ሰጥቶ ይንሳፈፋል፤ በእጃችን እንለቅመዋለን።

ተጠራጣሪ፦ ጋሼ፣ ከኔ በላይ አስረዱት። ብርብራ ውስጥ ያለው ሮቴኖን ይባላል። አማዞን ውስጥም ባርባስኮ የሚሉትን ተክል ሥር ወቅጠው ዓሣ የሚያጠምዱት በዚሁ ነው። እሱም ኮምፕሌክስ አንድን ይዘጋል። በ2000 ተመራማሪዎች ሮቴኖንን ለአይጦች አዘውትረው ሲሰጡ ፓርኪንሰን የመሰለ ሕመም አመጣባቸው።

አዛውንት፦ ዓሣውን ግን በልተነዋል። ይኸው አለሁ።

ወዳጅ፦ አየሽ? መጠኑ ነው ወሳኙ! ብርብራ በጊሽጣ አይፈረድም። ሰው ጊሽጣን ለመቶዎች ዓመታት በልቶታል። ብራዚል ይበላል፣ ሜክሲኮ ይበላል፣ ኮሎምቢያ ይበላል። ሰው ሲደርቅ የታየው የት ነው?

ተጠራጣሪ፦ ጓዴሎፕ።

ወዳጅ፦ እሱን እንደምታመጪው ገምቼ ነበር።

ተጠራጣሪ፦ ላምጣዋ። ጓዴሎፕ የፈረንሳይ ግዛት የሆነች የካሪቢያን ደሴት ናት። ኮሮሶል ይበላል፤ ቅጠሉ እንቅልፍ ያመጣል ተብሎ ይፈላል። በ1999 ዶሚኒክ ካፓሮስ ለፌብቭርና አሌክሲስ ኤልባዝ ላንሴት መጽሔት ላይ ያሳተሙትን አንብበሃል። የፓርኪንሰን ምልክት ይዘው ከመጡ 87 ታማሚዎች መካከል የተለመደው ፓርኪንሰን የያዛቸው 22 ብቻ ነበሩ። የቀሩት አብዛኞቹ ለየት ያለ፣ ለታወቀው መድኃኒት የማይመለስ ዓይነት ነበረባቸው። ሌላው ዓለም ላይ ተቃራኒው ነው፤ የተለመደው ይበዛል። ታማሚዎቹ ምን እንደሚያዘወትሩ ሲጠየቁ ደግሞ የኮሮሶል ፍሬና የቅጠል ሻይ ከሌላው ሰው ይልቅ እነሱ ዘንድ ጎልቶ ወጣ። በኋላም አኖናሲን የተባለው የዛፉ ዋነኛ አሴቶጄኒን የዶፓሚን ሕዋሶችን እንደሚገድል ታየ።

ወዳጅ፦ አሁን እኔ ልጠይቅሽ። ታሞ የመጣን ሰው «ምን ትበላ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ማስረጃ ይሆናል? የታመመ ሰው ምክንያት ፍለጋ ያለፈውን ሁሉ ያብጠረጥራል። ጤነኛው ግን ትናንት የበላውንም አያስታውስ። ደሴቲቱ ደግሞ ትንሽ ናት፤ ዘር ይኖርበታል፣ ሌላ ተክል ይኖርበታል። የፈረንሳይ የምግብ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ራሱ በ2010 ጉዳዩን መርምሮ ባለው መረጃ የኮሮሶልና የበሽታው ግንኙነት ሊረጋገጥ አይችልም ብሏል። ይሄንንስ ለምን አትነግሪያቸውም?

ተጠራጣሪ፦ እነግራቸዋለሁ። ትክክል ነህ፤ አልተረጋገጠም። ግን «አልተረጋገጠም» የሚለው ቃል ለአንተም ለእኔም እኩል ይሥራ። የካንሰር ፈውስነቱም አልተረጋገጠም። ደግሞ ስለ ብራዚልና ሜክሲኮ ስትነግረኝ እዚያ ማን ቆጠረ? ከኒው ካሌዶኒያ ተመሳሳይ ጥርጣሬ በሐኪሞች ተጽፏል። ያልተቆጠረ ነገር የለም ማለት አይደለም።

ወዳጅ፦ አኖናሲን የተሞከረባቸው አይጦችም ነገር አለ። አኖናሲን አይጦችን የጎዳው በደም ሥር ለቀናት ያለማቋረጥ ሲንቆረቆርባቸው ነው። ፍሬ በደም ሥር የሚበላ ሰው አላየሁም።

ተጠራጣሪ፦ እውነት ነው። ተመራማሪዎቹም ይህን አልሸሸጉም። በ2005 ባወጡት ስሌት ግን አንድ ሰው በየቀኑ አንድ ፍሬ ለአንድ ዓመት ቢበላ የሚወስደው አኖናሲን አይጦቹን ከጎዳው መጠን ጋር ይመጣጠናል። አንድ መካከለኛ ፍሬ ውስጥ 15 ሚሊ ግራም ገደማ አኖናሲን አለ።

ወዳጅ፦ በየቀኑ አንድ ሙሉ ፍሬ ማን ይበላል? አንድ ፍሬ እኮ ለቤተሰብ ይበቃል። ደግሞ ያንኑ ስሌት ካመጣሽ አይቀር ሙሉውን አምጪው። ሲኒ የቅጠል ሻይ ውስጥ ስንት ተገኘ?

ተጠራጣሪ፦ 140 ማይክሮ ግራም።

ወዳጅ፦ ማለትም ከፍሬው መቶ እጥፍ ያነሰ! ያ ሁሉ ጩኸት የተሰማበት ሻይ ውስጥ ያለው መርዝ ከቁጥር አይገባም። ቅባት ነክ ነገር ውሃ ውስጥ በደንብ አይሟሟማ። እኔ ስፈራበት የነበረውን ነገር አንቺው ፈታሽልኝ።

ተጠራጣሪ፦ ፈታሁልህ? አስተውል እንጂ። መርዙና መድኃኒቱ አንድ ነገር ናቸው ብለን አልነበረም? ካንሰሩን ይገድላል ያልከኝ አሴቶጄኒን ነው፤ አንጎልን ይጎዳል ያልኩህም አሴቶጄኒን ነው። ሻዩ ውስጥ የሚያስፈራ ያህል ከሌለ የሚያድን ያህልም የለም። የሚያድን ያህል ካለ ደግሞ የሚያስፈራ ያህል አለ። «ካንሰሩን ለይቶ ይገድላል፣ ሌላውን አይነካም» የሚለው ማስታወቂያ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። አንዱን ምረጥ።

ወዳጅ፦ አልመርጥም፤ ምርጫው ራሱ ትክክል አይደለም። የካንሰር መድኃኒት ሁሉ እኮ መርዝ ነው። አድሪያማይሲን ልብ ይጎዳል፤ ቢሆንም ትሸጪዋለሽ። ታክሶል የወጣው ፓሲፊክ ዩ ከሚባል ዛፍ ልጥ ነው፤ የዩ ዛፍ ከብት ይገድላል። ቪንክሪስቲን ከማዳጋስካር አበባ ነው የመጣው። የወባ መድኃኒቱ ኩዊኒንም ከአንዲስ የሲንኮና ልጥ፤ ሲበዛ ጆሮ ያደነቁራል። የኛም ኮሶ እንደዚያው ነው፤ ትሉን የሚያወጣው ሲመጠን ነው፣ ሲበዛ ሰው ጥሏል። መርዝነቱ ለኔ ክስ አይደለም። ባዶ ውሃ ማንንም አይጎዳም፣ ማንንም አያድንም። ጊሽጣ ውስጥ አንድ ኃይለኛ ነገር እንዳለ ያንቺው ጓዴሎፕ ትመሰክራለች።

አዛውንት፦ ኮሶን በተመለከተ እውነቱን ነው። መጣኙ አዋቂ ነበር።

ተጠራጣሪ፦ ከተናገርከው ሁሉ የማልመልሰው ይሄ ነው። ኃይለኛ ነገር አለበት፤ ሊጠና ይገባዋል። ግን የታክሶልን ታሪክ እስከ ጫፍ እንውሰደው። ልጡ የተሰበሰበው በ1962 ነው። ውህዱን ማንሮ ዎልና ማንሱክ ዋኒ አጣርተው አሳተሙት፣ 1971። ለማኅፀን እንቁልጢ ካንሰር የተፈቀደው በ1992 ነው። ሠላሳ ዓመት ፈጀ! ዛሬም ሲሰጥ በታማሚው የሰውነት ስፋት ተሰልቶ፣ አስቀድሞ የአለርጂ መከላከያ ተወስዶ፣ ነርስ አጠገብ ቆማ፣ በደም ሥር ነው። ታክሶል ሠራ ብሎ የዩ ልጥ የሚያፈላ የለም። አንተ ግን ጊሽጣን ከነቅጠሉ ከታክሶል ተራ ታሰልፈዋለህ። ቅጠሉ ውስጥ ያለው መጠን በዛፉ ዕድሜ ይለያያል፣ በወቅቱ ይለያያል፣ በሚፈላበት ደቂቃ ይለያያል። የኮሶው መጣኝ እዚህ ማን ነው?

ወዳጅ፦ ሠላሳ ዓመት አልሽ። የታመመ ሰው ሠላሳ ዓመት የለውም። እኛ አገር የጨረር ሕክምና ለረጅም ዘመን በአንድ ሆስፒታል ብቻ ሲሰጥ እንደኖረ ታውቂያለሽ። ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ደጁ ላይ ያለውን ቅጠል ቢበጥስ በምን አፍሽ ትወቅሺዋለሽ?

ተጠራጣሪ፦ እሱን አልወቅሰውም። የምወቅሰው ወረፋውን አይቶ ቅጠሉን በካፕሱል አሽጎ የሚሸጥለትን ነው፤ «ኬሞውን ተወው» የሚለውን። ወረፋው ሲደርስ ሳይሄድ የቀረ ሰው የሚከፍለው በዕድሜው ነው። የብሪታንያው ካንሰር ሪሰርች ዩኬም ግራቪዮላ ካንሰር እንደሚያድን አስተማማኝ ማስረጃ የለም ብሎ ለሕዝብ ጽፏል።

አዛውንት፦ እኔን ወደዚህ ወሬ ያስገባኝ ብርብራ አይደለም። የእህቴ ልጅ ጡቷን ታማለች። ሆስፒታል ትመላለሳለች፣ ኪኒን ሰጥተዋታል። ጎረቤት ደግሞ የጊሽጣ ቅጠል አምጥታላት ጠዋትና ማታ ትጠጣለች። ተሽሎኛል ትላለች። ምን ልበላት?

ወዳጅ፦ ኪኒኑ ምን ይባላል ጋሼ?

አዛውንት፦ ካፔ... ካፔሲታቢን መሰለኝ።

ወዳጅ፦ ይኸው! በ2014 ከአሜሪካ የወጣ አንድ የታማሚ ታሪክ አለ። የተሠራጨ የጡት ካንሰር ያለባት ሴት የግራቪዮላ ቅጠል እያፈላች ስትጠጣ በሽታዋ ረግቶ ቆየ። ሐኪሞቹ ራሳቸው ናቸው የጻፉት።

ተጠራጣሪ፦ ሐኪሞቹ የጻፉትን ጨርስላቸው እንጂ። ሴትየዋ ከሻዩ ጋር ምን ትወስድ ነበር?

ወዳጅ፦ ካፔሲታቢን።

ተጠራጣሪ፦ እንግዲህ የረጋው በሻዩ ነው፣ በኪኒኑ ነው ወይስ በሁለቱ? ከአንድ ሰው አይታወቅም። ኪኒኑ ብቻውን እንደሚሠራ ግን ከብዙ ታማሚዎች ጥናት ታውቋል። ስለዚህ ጋሼ፣ ልጅቷን «ሻዩን ካልተውሽ» ብለው አይጣሏት፤ ትደብቅዎታለች። እኔ መድኃኒት ቤት ቆሜ የማየው ይህንን ነው፤ ሰው ከሐኪሙ የሚደብቀው ከመጠጥ ቀጥሎ ቅጠል ነው። አንድ ነገር ብቻ ይንገሯት፦ ኪኒኑን በቅጠል እንዳትለውጠው።

አዛውንት፦ ሌላ በሽታም አለባት፣ ግፊት።

ተጠራጣሪ፦ እንግዲያው ይሄ ይብሳል። የቅጠሉ ጭማቂ በእንስሳት ላይ ሲሞከር የደም ግፊትና ስኳር ዝቅ ሲያደርግ ታይቷል። የግፊት ኪኒን ላይ ከተደረበ ዝቅ ያለው ከልክ በላይ ዝቅ ሊል ይችላል። ተነስታ ስትቆም ካዞራት ዝም እንዳትል።

ወዳጅ፦ እኔ ግን አቋሜን አልለቅም። ይህ ዛፍ የዋዛ አይደለም። ገንዘብ ያለው መንግሥት ወይም ዩኒቨርሲቲ ከእነዚያ ከመቶ በላይ ውህዶች አንጎልን ሳይነካ ዕጢውን የሚያገኘውን አንዱን ለይቶ ቢያወጣ፣ አንቺ ራስሽ በመደርደሪያሽ ላይ ትደረድሪዋለሽ።

ተጠራጣሪ፦ በደስታ! ግን ዩቫሪሲን ከተገኘ ከ1982 ወዲህ ከአሴቶጄኒኖች ውስጥ ስንቱ የሰው መድኃኒት ሆኖ ጸደቀ?

ወዳጅ፦ እስካሁን አንድም።

አዛውንት፦ ፍሬውንስ? ፍሬውንም ልከልክላት?

ተጠራጣሪ፦ ኧረ አይከልክሏት። ምግብ አልወርድላት ሲል አንድ ብርጭቆ ጭማቂ አልፎ አልፎ ቢወርድላት እሰየው ነው፤ የየቀን ልማድ ግን አታድርገው። ቤት ውስጥ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ፓርኪንሰን ያለበት ሰው ካለ እሱ ይቅርበት። ቀጠሮዋ ሲደርስ ደግሞ ቅጠሉን በፌስታል ይዛ ትሂድና በቀን ስንት ሲኒ እንደምትጠጣ ለሐኪሟ ትንገረው።

ወዳጅ፦ ፍሬውን እኔ አመጣላታለሁ ጋሼ።

ተጠራጣሪ፦ አምጣላት። ስታዘጋጀው ግን ዘሩን አንድ በአንድ ለቅመህ አውጣ፤ ከነዘሩ ብሌንደር ውስጥ እንዳትከተው።